ዘጠኝ ክንድ ምሰሶ

ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር
ግንቦት 21 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ወልደገብርኤል
እምድብር

ከሁሉ አስቀድሜ የጉልበትዎን ነገር እጠይቃለሁ፤ ቀጥሎም የእናቴን ጤና፣ ከዚያም እንሰቱ ያለፈውን ውርጭ እንዴት እንደ ተወጣው። እኔ በፈጣሪ ቸርነት ደህና ነኝ። አጎቴ ሙለታም ደህና ነው፤ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ከባንኮኒው ማዶ ሆኖ በዓይኑ ጥግ እያየኝ ነው።

በደብዳቤዎ የጠየቁኝ ነገር አንድ ብቻ ስለ ሆነ ሳልሸሽ እመልሳለሁ። አጎቴ የላከልዎት ወሬ ሐሰት አይደለም፤ በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ ገብቻለሁ። ነገር ግን አዝማሪ አልሆንኩም። በየመጠጥ ቤቱ እየዞርኩ ሰው አላወድስም። ቀን ቀን እንደ ወትሮው ከአጎቴ ጋር ምስማርና ቀለም እሸጣለሁ፤ ሱቁ ሲዘጋ ደግሞ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሄጄ ቴያትር እለማመዳለሁ። «በሰው ፊት ቆሞ መጮህ የቤታችን ሥራ አይደለም፤ ለመስቀል ና፤ ከዚያ በኋላ ወደ ከተማ መመለስ አለመመለስህን እኔ እወስናለሁ» ያሉትን ቃል ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ፍርዱ የእርስዎ መሆኑን አልክድም። የምለምነው እስከ መስቀል እንዲያቆዩልኝ ብቻ ነው። ከቤት ከወጣሁ አምስት መስቀል ማለፉን አውቃለሁ። የፊተኞቹን ዓመታት ለምን እንዳልመጣሁ አጎቴ በቃል የነገረዎት ይመስለኛል፤ በወረቀት የሚሰፍር ነገር አይደለም። ለሚመጣው መስቀል ግን መንገዱ ሰላም ነውና ያለ ጥርጥር እመጣለሁ።

አሁን አንድ ምክር ልጠይቅዎ ይፍቀዱልኝ፤ ጉዳዩ የእርስዎን ሙያ የሚመለከት ነው።

አዳራሻችን ቀድሞ የአንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን ነበር። መልካም ጎኑን ላስቀድም። ግድግዳው ወፍራም ስለ ሆነ ብርድ አያስገባም። ጠባብ በመሆኑም ሰው ከእኛ አፍንጫ ሥር ነው የሚቀመጠው፤ ዝቅ ብለን ብንናገር እንኳ የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ያለው ሰው ይሰማል። ከጌጃ ሰፈርም ከልደታ ማርያም ወዲያም የሚመጣው ተመልካች እርስ በርሱ ስለሚተዋወቅ አንዱ ከሳቀ ሁሉም ይስቃል። ጉድለቱ ግን ከዚህ አያንስም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። በሩ ከመድረኩ ጎን በመሆኑ ያረፈደ ሰው ሁሉ በጨዋታው መሀል ይገባል፤ ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ልጃቸውን ፍለጋ ገብተው መድረኩ መሀል ቆሙና ያንን ሁሉ ሕዝብ «እንደምን አመሻችሁ» ብለው ሰላምታ ሰጥተው ወጡ። ጭብጨባ ያገኙት እሳቸው ናቸው። ስኳር በመጣ ቀን ደግሞ የኅብረት ሱቁ መድረኩን ይወስደዋል፤ እኛም ከጆንያ ጋር እንለማመዳለን።

ከሁሉ የከፋው ግን ምሰሶው ነው። በአዳራሹ መሀል፣ ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ እቅፍ የሚሞላ የጥድ ግንድ ቆሟል። ከኋላው የተቀመጠ ሰው የተዋናዩን ግማሽ ብቻ ያያል። በሐምሌ የከፍተኛችን ቀበሌዎች ውድድር እኛ አዳራሽ ስለሚካሄድ የቡድናችን መሪ ጓድ ዓባይነህ እንቅልፍ አጥቷል። ትናንት፦

«ይህ ግንድ ካልተነሣ ሽልማቱን ሌላ ቀበሌ ይወስደዋል። መጋዝ አምጡ» አለ።

የእናት ቦታ ይዛ የምትጫወተው ፀሐይቱ፣ በልደታ ማርያም ደጅ ጧፍ የምትሸጥ ጨዋታ አዋቂ ሴት ናት፤ «ቁረጠው እንጂ ወንድሜ። ጣሪያው ሲወርድብን ደግሞ ትራጀዲ ነው ትለናለህ» አለችው።

ያን ጊዜ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። «አባቴ ቤት ሠሪ ነው፤ ልጠይቀው» አልኩ። አሁን ሁሉም መልስዎን ይጠብቃል፤ እኔም ከሁሉ ይልቅ እጠብቃለሁ። ግንዱ ቢቆረጥ ጣሪያው ይቆማል ወይ?

ታዛዥ ልጅዎ
ጴጥሮስ


እምድብር
ሰኔ 15 ቀን 1973

ልጄ ጴጥሮስ።

እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ እንደ ነበረው ነው። እንሰቱ ድኗል። ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ። በመሠረተ ትምህርት ተማርኩ። ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሥ።

ጣሪያው ይቆማል ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። ሳላየው አላውቅም። ሳላይ የማውቅ ከመሰለህ ተሳስተሃል። ሳላውቅ ደግሞ ቁረጡ አልልም። ስለዚህ አትቁረጡ።

የኛ ቤት ምሰሶ መሀል ቆሟል። አንተም ልጅ ሳለህ ስትዞረው ትውል ነበር። አንድ ቀን ከለለኝ ብለህ ስታማርር አልሰማሁም። እንግዳም ሲመጣ አላማረረም። ሰው ምሰሶ ባለበት ቤት እንዴት እንደሚቀመጥ ያውቃል። የናንተ ሰዎች ምን ሆነው ነው?

ደብዳቤህ ረጅም ነው። ስለ በሩ ጽፈሃል። ስለ ስኳሩ ጽፈሃል። እዚያ ቆመህ ምን እንደምትሆን ግን አልጻፍክም። ምን ሆነህ ነው የምትጫወተው?

እናትህ ትስምሃለች። ፍርዱን እስከ መስቀል አቆያለሁ።

አባትህ


ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር
ሐምሌ 20 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፤

በእጅዎ የጻፉትን ደብዳቤ ስቀበል ከሱቁ ወጥቼ መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩት። አጎቴ «ማን ሞተ?» ብሎ ተከተለኝ። «አባቴ ጻፈ» አልኩት። ወስዶ ራሱ አነበበውና አጥፎ መለሰልኝ። በፊደሎችዎ መንጋደድ አይሳቀቁ፤ የእኔ አስተማሪ ከእርስዎ የባሰ ይጽፍ ነበር።

ዛሬ የምጽፈው በደስታ ተውጬ ስለ ሆነ የአጻጻፍ ሥርዓት ባጎድል ይቅር ይበሉኝ። ውድድሩን አሸነፍን!

«ሰው ምሰሶ ባለበት ቤት እንዴት እንደሚቀመጥ ያውቃል» ያሉትን ቃል ለጓድ ዓባይነህ አነበብኩለት። መጀመሪያ ሳቀ። ቆይቶ መሳቁን ተወና አዳራሹን ዞረው። በማግሥቱ አግዳሚ ወንበሮቹን ከፊት ለፊት አንሥተን ምሰሶውን በሦስት ወገን እንዲከቡት አደረግን፤ ጨዋታውንም ከመድረኩ አውርደን በምሰሶው ዙሪያ አደረግነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ልጁ ከከተማ ይመጣና «ይህን የሣር ቤት አፍርሰን ባለ ቆርቆሮ ቤት እንሥራ» ይላል፤ አባትየው ምሰሶውን ተደግፎ እምቢ ይላል፤ እናትየዋ በሁለቱ መካከል ትሰቃያለች። ቀድሞ ምሰሶው በወረቀት ላይ የተሣለ ነበር። አሁን ግን እውነተኛው ምሰሶ የዚያ ቤት ምሰሶ ሆነ። የቀበሌው ሊቀመንበር መፈክር ይሰቀልበት ብለው ነበር፤ ፀሐይቱ «ጓድ፣ እንጨቱ ራሱ ሠርቶ አደር ነው፤ ይህን ሁሉ ጣሪያ የተሸከመው ማን ሆነና?» ብትላቸው ስቀው ተዉት።

የውድድሩን ቀን ልንገርዎ። ዳኞቹ ገብተው ተቀመጡ። አባትና ልጅ የሚጣሉበት ቦታ ላይ ስንደርስ፣ ልጁ «መልስልኝ እንጂ አባባ!» ብሎ እንደ ጮኸ፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። አባቴ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ ጠጠር በጆንያ የሚያፈስሱ ይመስል ነበር። ተዋናዩ ቢጮህ አይሰማ፣ ቢያቆም ነውር። ጓድ ዓባይነህ ከበሩ ጥግ ሆኖ በእጁ «ቀጥሉ» ይላል። አባትየው ግን አልቀጠለም። እጁን ምሰሶው ላይ አሳርፎ ወደ ጣሪያው እያየ ዝም አለ። ልጁም ዝም አለ። ከተመልካቹ አንድ ሰው አልተንቀሳቀሰም፤ ሁሉም በአንድ ቤት ተጠልሎ ዝናቡ እስኪያባራ የሚጠብቅ ቤተሰብ ሆነ። ሲያባራ አባትየው ቀስ ብሎ «ሰማህ? የአንተ ቆርቆሮ ሰው አያነጋግርም» አለ። ይህ ቃል በድርሰቱ ውስጥ አልነበረም። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ዳኞቹም ዝናቡን ሳይቀር አስቀድመን ያሰናዳነው መሰላቸው።

ቀጥሎ በሜክሲኮ በኩል ባለ አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ተወዳደርን። ወንበሩ መልካም፣ መስኮቱ ብዙ፣ ወለሉ የሚያብረቀርቅ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቃል ግድግዳውን መትቶ ይመለሳል። ፀሐይቱ «ልጄ» ስትል ግድግዳው «ልጄ» ይላታል፤ እሷም በመጨረሻ ተናድዳ «የእኔ ነው፤ አንቺ የራስሽን ውለጂ» አለችው። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ቢሆንም ሁለተኛ ወጣን፤ ሁለተኛውም ያልፋል። አሁን ለአብዮት በዓል ሳምንት በመሀል ከተማ ባለው ትልቁ ቴያትር ቤት እንድናሳይ ተመርጠናል። ትልቁ ቴያትር ቤት ነው ያልኩት!

ምን ሆኜ እንደምጫወት መጠየቅዎን አልዘነጋሁም። በዚህ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ልመልስ አስቤ ነበር፤ ሆኖም እንደሚያዩት ወረቀቱ አለቀ።

ልጅዎ
ጴጥሮስ


ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር
ነሐሴ 16 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤

«ወረቀት እንኳ ሊገዛልህ የማይችል አጎት ጋ ነው ያስቀመጥኩህ?» ብለው መጻፍዎ ተገቢ ነው። ለአጎቴም አንብቤለት አፍሯል። ስለዚህ ዛሬ ወረቀት አላነሰኝም፤ ያነሰኝ ድፍረት ነው። እንደ ምንም እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጠየቁኝ ቤት። «ቤቱ ምን ይመስላል፤ ማን ሠራው፤ ምን ተሸክሞታል?» ብለዋል። ማን እንደ ሠራው አላውቅም። ስገባ ግን ባርኔጣዬን ያወለቅሁት ቤተ ክርስቲያን የገባሁ መስሎኝ ነው። መጋረጃው ከባድ ቀይ ከፋይ ሲሆን አንድ ሰው ከጎን ሆኖ ገመድ ሲስብ ለሁለት ይከፈታል። መብራቱ ሲፈልጉ ንጋት፣ ሲፈልጉ ምሽት ይሆናል። ወንበሩ ሰው ሲነሣ በራሱ ይታጠፋል፤ ይህን ሳላውቅ ተነሥቼ ተመልሼ ስቀመጥ ወለሉ ላይ ተገኘሁ። ከመድረኩ በላይ ያለው ቦታ እንደ ጉድጓድ ጥልቅ ነው፤ ወደ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ይበሉት። እዚያ የገመድ ዓይነት ተሰቅሏል፤ ተራራም ቢሆን ደመናም ቢሆን ሲፈለግ ይወርዳል፣ ሲበቃው ይወጣል። የመድረኩ አናጢ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ አፌን ከፍቼ ሳይ ቆየና «ምን ታያለህ ልጄ፤ እዚህ ቤት ሰማይም የሚወርደው በገመድ ነው» አለኝ።

ጉድለቱን ያወቅነው ልምምድ ስንጀምር ነው። በእኛና በሰው መካከል ሰፊ ጨለማ አለ፤ አንድ ፊት እንኳ አይታይም። የምንናገረው ቃል ወደዚያ ወደ ላይኛው ጉድጓድ ይወጣና በዚያው ይቀራል። ፀሐይቱ ኋላ ሄዳ ተቀምጣ እንድታዳምጠኝ አደረግሁ።

«ይሰማል?» ብዬ ጮህኩ።

«አፍህ ሲከፈት አያለሁ» አለች ተመልሳ። «ለመስማቱ ከሆነ ሱቅህ ውስጥ ሆነህ ብትናገርም ያው ነው።»

ድምፅ ማጉያ አለ፤ ሆኖም ከአንድ ቦታ አይንቀሳቀስም፤ የእኛ ጨዋታ ደግሞ በምሰሶው ዙሪያ መዞር ነው። ምሰሶውም የለም። ከካርቶን አንድ ሠርተን ቀለም ቀባነው፤ ስደገፈው አብሮኝ ወደቀ። ጓድ ዓባይነህ «በሰፈራችን አንበሳ ነበርን፤ እዚህ መጥተን ድመት ሆንን» እያለ ፀጉሩን ይነጫል። ቴያትር ቤቱም ካልተሻሻላችሁ ተራችሁን ለሌላ ቡድን እንሰጣለን ብሏል።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። እውነተኛ ምሰሶ ይላኩልን። ጋሽ ገብረጊዮርጊስ የሣር ጣሪያውን በገመድ ሰቅሎልናል፤ ከወለሉ እስከ ጣሪያው እንብርት ያለው ቁመት ዘጠኝ ክንድ ነው። በማን ክንድ እንደሚሉኝ አውቃለሁና አስቀድሜ እመልሳለሁ፤ በራሴ ክንድ ነው፤ ሌላ ሰው አላስለካሁም።

አሁን ወደ ፈራሁት ደረስኩ። ልጅየውን ሆኜ የምጫወት እንዳይመስልዎ። ልጅየው ሌላ ሰው ነው። እኔ የምጫወተው አባትየውን ነው። ራሴ ላይ ዱቄት ነስንሰው ያሸብቱኛል፤ ጋቢ ያለብሱኛል። አባትየው እንዴት እንደሚቆም፣ ሲናደድ እንዴት እንደሚሆን፣ ሲጠይቁት መልስ ሳይሰጥ ምን ያህል እንደሚቆይ ማንም አላስተማረኝም። ከየት እንዳመጣሁት ለማንም አልነገርኩም። በዚያ የዝናብ ቀን እጁን ምሰሶው ላይ አሳርፎ ዝም ያለው እኔ ነበርኩ፤ ነገር ግን ዝምታው የእኔ አልነበረም።

ይህን በማድረጌ ክብርዎን ነክቼ ከሆነ በእግርዎ ሥር ሆኜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ምሰሶውን ባይልኩም እረዳለሁ።

ልጅዎ
ጴጥሮስ


እምድብር
ጳጉሜን 1 ቀን 1973

ልጄ ጴጥሮስ።

ጥድ ቆረጥኩ። ከቤት ኋላ የነበረው ነው። ለእናትህ ማድ ቤት ያሰብኩት ነበር። እናትህ ለጨዋታ ነው ወይ አለችኝ። መጥረቤን ቀጠልኩ።

በነገው አውቶቡስ ጣሪያ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ይጫናል። ሾፌሩ ኑሪ ይባላል፤ ሰው አክባሪ ነው። ከአውቶቡስ ተራ ተቀበለው። ልኩ ዘጠኝ ክንድ ነው፤ በክንድህ። ክንድህን አገኘሁት። ወገቡ ላይ ያለውን ጉጥ አልጠረብኩም። እጅ ማሳረፊያ ይሆናል።

ስለ አባትየው። እኔ ሽበቴ ከጆሮዬ በላይ ነው እንጂ አናቴ ላይ አይደለም። ዱቄቱን አስተካክሉት። ስናደድ ጋቢዬን አላስተካክልም፤ ያ አጎትህ ነው። ምሰሶ ስነካ በጣቴ አላንኳኳም። መዳፌን ነው የማሳርፈው። ልጅ ሲናገረኝ ቶሎ አልመልስም ማለትህ እውነት ነው። የማልመልሰው ግን ተናድጄ አይደለም። የሚለውን እያሰብኩ ነው። እንደ ተናደደ አድርገህ ተጫውተኸው ከሆነ ተሳስተሃል።

ይህን ሁሉ ያልኩት ፈቅጄ አይደለም። ከሠራኸው አይቀር ብዬ ነው። ፍርዱ ለመስቀል ነው።

አባትህ


ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር
መስከረም 8 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፤

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረን። ይህን ደብዳቤ ለመስቀል ለሚወርድ የሰፈራችን ሰው ሰጥቼ ልኬዋለሁ፤ እኔ በ14 ስለምነሣ ይቀድመኛል። የሆነውን ሁሉ ቤት ደርሼ ብነግርዎ ይሻል ነበር፤ አፌ ግን በእርስዎ ፊት እንደ ወረቀት አይታዘዘኝም።

ምሰሶውን ከኑሪ እጅ ተቀበልኩ። ከአውቶቡስ ተራ እስከ ቴያትር ቤቱ ስድስት ሆነን በትከሻችን ተሸከምነው፤ መንገደኛው ሁሉ ቤት ልንሠራ መስሎት «ይቅናችሁ» ይለን ነበር። ተራችን ደርሶ መድረኩ ላይ ስናቆመው ግን፣ አባቴ፣ እንዴት እንደምነግርዎ አላውቅም፤ አጠረ። ከጣሪያው እንብርት አንድ ክንድ ያህል ወደ ታች ቀረ።

በእርስዎ እጅ ስሕተት ይኖራል ብዬ አላምንም፤ ስቆጥር እኔ ሳልሳሳት አልቀረሁም። ሆኖም ከወለሉ እስከ ጣሪያው ደግሜ ለካሁት፣ ዘጠኝ ነው። ምሰሶውን ለካሁት፣ ስምንትም አልሞላ። ፊቴ ምን መስሎ እንደ ነበር ያዩኝ ይንገሩዎት። ማሳያው በማግሥቱ ነበር።

ጓድ ዓባይነህ ምሰሶውን ዞሮ አየና «አባትህ የላከልን ምሰሶ ነው ወይስ የበር መቀርቀሪያ?» አለ።

ጋሽ ገብረጊዮርጊስ «ግድ የለም፤ ከላዩ እንቀጥልበታለን። ሳንቃና ምስማር አለኝ» ሲል መዶሻውን ያዘ።

በሕይወቴ ታላቅ ሰው ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን በምሰሶውና በመዶሻው መካከል ቆምኩና «የአባቴን እንጨት አትነካውም» አልኩት። ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። እኔም ደነገጥኩ፤ ከአፌ የወጣው ድምፅ የለበስኩት የአባትየው ድምፅ ነበር።

ያስታረቀችን ፀሐይቱ ናት። «ጋሼ፣ ሰማይ በገመድ ይወርዳል ያልከው አንተ አይደለህም? ታዲያ ይህችን የሣር ጣሪያ ዝቅ ማድረግ እንዲህ አስጨነቀህ?»

ጋሽ ገብረጊዮርጊስ መዶሻውን አስቀምጦ ወደ ላይ አየ። ከዚያ ሳቀ። ገመዱን ለቀቅ፣ ለቀቅ አደረገው፤ ጣሪያው ወርዶ ምሰሶው ራስ ላይ ልክ ተቀመጠ። የጣሪያው ጠርዝ በጣም ዝቅ ስላለ ከጎን የምንገባው ሁሉ አንገታችንን ደፍተን መግባት ግድ ሆነብን። እኔም ከጣሪያው ሥር ቆሜ፣ መዳፌን ጉጡ ላይ አሳርፌ፣ የመጀመሪያውን ቃል ለሙከራ ተናገርኩ። ፀሐይቱ ከኋላኛው ወንበር ብድግ ብላ ቆመች።

«ድገመው» አለች። ደገምኩት። «አትጩህ» አለች። ዝቅ አድርጌ ደገምኩት። «አሁን አጠገቤ ነህ።»

ነገሩ የገባን ኋላ ነው። ድምፃችን ወደዚያ ወደ ላይኛው ጉድጓድ የሚያመልጠው በጣሪያውና በእኛ መካከል ክፍተት ስላለ ነበር። ጣሪያው ሲወርድ ቃሉ ሣሩን መታና ወደ ሰው ወጣ። እዚያ ቤት ገመድ ባይኖር ጣሪያውን ማውረድ አይቻልም ነበር፤ ምሰሶው ባያጥር ደግሞ ማውረድ ለማንም አይታሰበውም።

ስለ ማሳያው ብዙ አልልም። ያ ሁሉ ወንበር ሞልቶ ነበር። አባትና ልጅ የሚጣሉበት ቦታ ላይ «መልስልኝ እንጂ አባባ!» ሲለኝ እንደ ጻፉልኝ አደረግሁ፤ አልተናደድኩም፤ የሚለውን አሰብኩ። ዝናብ አልነበረም፤ ቢሆንም ሕዝቡ ያን ጊዜ በእኛ አዳራሽ እንደ ጠበቀው ጠበቀኝ። አንድ ሰው እንኳ አላሳለም። በዚያ ጨለማ ውስጥ አንድም ፊት ሳላይ ሁሉም አብረውኝ እንዳሉ አወቅሁ።

አጎቴ ሱቁን ዘግቶ ዘግይቶ ስለ መጣ ቦታ ያገኘው ከፎቁ መጨረሻ ረድፍ ነበር። ሲያልቅ በሰው መካከል እየተጋፋ ወረደና እጄን ያዘ። ዓይኑ ቀልቷል። «ከዚያ ላይ ሆኜ ወንድሜን ሰማሁት» አለኝ። «አንተን ሰማሁህ» አላለም።

የቴያትር ቤቱ ሰዎች ከመስቀል በኋላ ከተለማማጆቹ ጋር እንድሆን ጠይቀውኛል። ቀን ቀን ሱቅ፣ ማታ ማታ እዚያ። መልስ አልሰጠሁም። መልሱ በእርስዎ እጅ ያለ መሆኑን ነገርኳቸው፤ አልሳቁብኝም፤ «እንጠብቃለን» አሉ። አባቴ፣ እንዲህ ያለ ደስታ ይዞኝ እንዲህ ያለ ፍርሃት አብሮት ሲመጣ የመጀመሪያዬ ነው። እምቢ ቢሉኝ እታዘዛለሁ፤ ምስማርም መሸጥ ካስፈለገ፣ እንሰትም መትከል ካስፈለገ አደርገዋለሁ። እሺ ቢሉኝ ግን ምን እንደምሆን ለመጻፍ ቃል የለኝም።

ምሰሶውን ይዤ እመጣለሁ፤ ኑሪ በነጻ ሊጭንልኝ ቃል ገብቷል። ለእናቴ ማድ ቤት ይሁን። ስለ ማጠሩ አይዘኑብኝ።

ልጅዎ
ጴጥሮስ


እምድብር
መስከረም 11 ቀን 1974

ልጄ ጴጥሮስ።

ይህን ለኑሪ ሰጠሁት። ከመነሣትህ በፊት ይደርስሃል።

አጠረ ያልከውን ሳነብ ተናደድኩ። ከጉርምስናዬ ጀምሮ ምሰሶ ቆርጫለሁ። አጥሮብኝ አያውቅም። ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ከቤት ስትወጣ ክንድህን በበሩ መቃን ላይ በቢላዋ ምልክት አድርጌበት ነበር። ክርንህ እዚህ፣ የጣትህ ጫፍ እዚህ። አንተ አታስታውስም። እናትህ ልብስ ስታሰፋልህ እንድታውቅ ብዬ ነው። ምሰሶውን የለካሁት በሱ ነው።

ዱላ ቆርጬ እንደገና ለካሁ። ግንዱን አጋድሜ የጠረብኩበትን ቦታ፣ ከፍቅፋቂው ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሰፈርኩ። ልክ ነው። ዘጠኝ ነው። ሦስተኛ ልለካ ዱላውን መቃኑ ላይ ሳደርግ እጄ ቆመ።

እናትህ ምን ሆንክ አለችኝ። ቶሎ አልመለስኩላትም። ኋላ፣ ይህ ክንድ የዚያ ልጅ ነው፤ ደብዳቤ የሚጽፍልን ሌላ ሰው ነው አልኳት። እሷም መጥታ ምልክቱን በእጇ ዳሰሰችው።

ምሰሶውን እንዳትመልሰው። አንድ ጊዜ ቆሞ ቤት ተሸክሟል። እዚያው ይቁም። ለማድ ቤቱ ሌላ ቆርጫለሁ። የሚጠብቁህን ሰዎች ብዙ አታስጠብቃቸው። ከመስቀል በኋላ እመጣለሁ ብለሃቸው ና።

ወንድሜ ከላይ ሆኖ የሰማውን እኔ አልሰማሁም። በመስቀል ማግሥት እዚህ ትጫወተዋለህ፤ በኛ ምሰሶ ሥር። ለጎረቤት ነግሬአለሁ። ወንበር የለም። ሰው መሬት ይቀመጣል። መጋረጃ የለም። መብራቱ እሳት ነው፤ ያጨሳል። ላሞቹም ዝም አይሉም። ከዚህ ሌላ ጉድለት ካገኘህ ትነግረኛለህ። ዱቄት አያስፈልግህም፤ ከአጠገብህ ቆሜ ሽበቱን አሳያለሁ።

አንድ ነገር ልንገርህ። ስትሄድ በዚህ በር ቀጥ ብለህ ነበር የወጣኸው። ስትገባ ጎንበስ በል።

አባትህ